አሮጌው ከርነል ተኝቶ አልነሳም ያለ ጊዜ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከራሱ ከሥራው ይብስብኛል። «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው» ባልኩ ቁጥር ዘመድ ሁሉ የተበላሸ ሪሞት፣ የማይጮህ ሬዲዮ፣ አንዴም የጁስ መፍጫ ይዞልኝ መጥቷል። የጁስ መፍጫውን ጠገንኩት ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፈትቼዋለሁ ግን። እስካሁንም እንደተፈታ አለ።

ለእናንተ ግን ልሞክር። ኮምፒውተር ስትከፍቱ የምታዩት ፎቶና ጽሑፍ ከላይ ከላዩ ያለው ነው። ከሁሉም ሥር፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አንድ ፕሮግራም አለ፤ ከርነል ይባላል። የቤት አከራይ በሉት። ማን የትኛው ክፍል እንደሚገባ፣ ማን ቀድሞ ውሃ እንደሚቀዳ፣ ረባሽ ሲመጣ ማን እንደሚባረር የሚወስነው እሱ ነው። እንደ አከራይም፣ ደህና ሲሠራ ማንም አያመሰግነውም።

የምሠራበት ድርጅት ትልቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ፣ አለቃዬ ሰላማዊት እና ጦር ኃይሎች ባለችው ቢሯችን መስኮት ላይ የተቀመጠ የፕላስቲክ አበባ ነን። ከሦስታችን ጭንቀት የሌለበት አበባው ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ቤቴል ከተከራየሁት ክፍል ሆኜ ነው የምሠራው።

እዚያው ቤቴል አንድ ደንበኛ ክሊኒክ አለን። ክሊኒኩ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለው፤ በዚያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ። በእጅ አይነኩም፣ በአሳብ ብቻ ያሉ ናቸው። ግን አንዱ የካርድ ክፍሉን፣ አንዱ ላብራቶሪውን፣ አንዱ መድኃኒት ቤቱን ይዞ ይሠራል። አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው እንደተሠሩ ሰርቪስ ቤቶች ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ትልቁ ኮምፒውተር ባትሪው ሳያልቅ ትንንሾቹን ያስተኛቸዋል፤ መብራት ሲመጣ ይቀሰቅሳቸዋል። ሲቀሰቅሳቸው ደግሞ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እንዲህ ነበር የሚሆነው።

አንድ ቀን ግን ተኝተው ቀሩ። መብራት መጣ፣ አምፖሉ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፤ እነሱ እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅም ያቺን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በየመስኮቱ የሚያውቃትን ቃል አወጣች፦ «ሲስተም የለም።» ልጅ ያዘለች እናት፣ ጥርሱን የያዘ ጎልማሳ፣ ሁሉም ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲስተምን መጠበቅ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ይኸው ሆነ።

ሰላማዊት ደወለችልኝ። እኔም ቤቴ ባለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፈተና አዘጋጀሁ፤ ትንሽ ኮምፒውተር በትልቁ ውስጥ መፍጠር፣ ማስተኛት፣ መቀስቀስ። አስተኛሁት። ቀሰቀስኩት። ወይ ፍንክች! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በእኛ ሙያ ብልሽትን በገዛ ዓይን ማየት፣ ለሐኪም ሕመምተኛው የሚያመውን ቦታ በጣቱ እንዳሳየው ነው።

ምክንያቱን ፈልጌም አገኘሁት። ጥፋቱ ከርነሉ ላይ ነበር፤ በቅርቡ በወጣው እድሳት ሾልኮ የገባ ስህተት ነው። ደግነቱ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች አዲሱ ከርነል ላይ አርመውታል። ክፋቱ ደግሞ፣ እኛ አዲሱን መጠቀም አንችልም። የክሊኒኩ የላብራቶሪ ማሽን ከአሮጌው ከርነል በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ አመሉ ነው። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው። አሮጌውን የሚጠብቁትን ሰዎች፣ «አዲሱ ላይ ያረማችሁትን እባካችሁ ለአሮጌውም አምጡለት» ብሎ መለመን። ዓለም በሙሉ ወደፊት ይላል፤ እኔ ወደ ኋላ አምጡልኝ ልል ነው።

«ራሴ አርሜ ልጫነው?» ብዬ ነበር።

«ሰው በሚታከምበት ኮምፒውተር ላይ አንተ ጓዳ የቀመምከውን አልጭንም» አለች ሰላማዊት። «ጠባቂዎቹ ይዩት፣ ይቀበሉት፣ ከዚያ እንጭናለን።» ልክ ናት። የጁስ መፍጫውን ታሪክ ታውቃለች።

ይህን የተነጋገርነው በስልክ ነው፤ መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው። በእኔ ክፍል ኢንተርኔቱ በገመድ ይገባል እንጂ የስልክ ኔትወርክ የለም። ለመናገር ግቢው ጥግ ካለው የውሃ ሮቶ አጠገብ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ መጮኽ ነው። በዚያን ሰዓት አከራዬ እትዬ ዘይነባ ምንጣፍ እያጠቡ ነበር። አየር ጤና የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ ባልዲ ሲሸጡ የለመዱት ጆሮ ከሩቅ ይሰማል፣ የሚሰማው ግን ሁልጊዜ የተባለውን አይደለም። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የሚኖሩት ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ኮሎኔል ወንድይፍራው ናቸው።

አሁን እትዬ ዘይነባን ሆናችሁ የእኔን ወገን ብቻ ስሙት።

«አሮጌው ከርነል ነው ችግሩ! … አዎ፣ ይተኛል፣ ከዚያ አይነሳም! … እኔም ግራ ገብቶኝ ደጋግሜ ገደልኩት፣ ለውጥ የለውም! … አዲሱማ ጤነኛ ነው፣ አሮጌውን ግን ጥለነው የት እንሄዳለን? … እሺ፣ ፈረንጆቹን እለምናለሁ!»

ስልኩን ዘግቼ ስዞር እትዬ ዘይነባ ምንጣፉን ጥለው ገብተዋል። የደከማቸው መስሎኝ አለፍኩ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ለጠባቂዎቹ መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ደብዳቤው የሚላከው ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዓለም ላይ ያሉ የከርነል ሰዎች ሁሉ የሚያነቡት የኢሜይል መድረክ ላይ ነው። አንዴ የተጻፈ አይሰረዝም። ሞኝ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሞኝነቱ ለልጅ ልጆቹ ይቀመጥለታል። እኔ ደግሞ ሰው ቤት ሄዶ የመጣበትን ከመናገር በፊት የከብቱን ጤና ሳይቀር የሚጠይቅ ዘር ልጅ ነኝ። ሰላምታ ጻፍኩ። ለድካማቸው ምስጋና ጻፍኩ። ጊዜያቸውን ስለምሻማ ይቅርታ ጠየቅሁ። አገሬን አስተዋወቅሁ፣ የአየሩን ሁኔታ ነካ አደረግሁ፣ ስለ ክሊኒኩ አተትኩ። ጥያቄዬ ከታች፣ እንግዳ ከወጣ በኋላ በር ላይ እንደሚነሳ ቁም ነገር፣ በመጨረሻው መስመር ገባች። ሰላምታውን ደመቅ አድርጌ፣ ፊደሉንም አሳምሬ ላክሁት።

ወዲያው ተመለሰ። ሰው እንኳ አላነበበውም። መድረኩን የሚጠብቀው ማሽን፣ ጌጥ ያለበት ጽሑፍ አላስገባም፣ ደረቅ ጽሑፍ ብቻ ነው የምቀበለው ብሎ መለሰብኝ። ሰርግ ቤት በር ላይ በዘበኛ የተመለሰ ሰው ያውቀዋል ስሜቱን፤ ከሙሽሮቹ መጣላት ይሻላል።

እዚያው ተክዤ ሳለሁ በሬ ተንኳኳ። ከፈትሁ። ኮሎኔል ወንድይፍራው ናቸው። ቱታ ላይ ኮት ደርበዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥለዋል።

«እንደምን አሉ ኮሎኔል፣ ይግቡ» አልኩ።

«እኔማ ምን እላለሁ፤ ተኝቼ አልነሳ ብያለሁ አሉ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። «ይህን ብርቱካን ዘይነባ ይዛልኝ መጣች፤ ለበሽተኛ። ሳር ሳጭድ አገኘችኝና ደነገጠች። አንተ ደግሞ ደጋግመህ ገድለኸኛል።»

«እኔ? እርስዎን?»

«አሮጌው ኮሎኔል፣ ብለሃል። አዲሱ ጤነኛ ነው፣ ብለሃል። አዲሱ ማን እንደሆነ ንገረኝና ልቀመጥ።»

ላብ አጠመቀኝ። «ከርነል ነው ያልኩት ኮሎኔል! ከርነል! ኮ… ይቅርታ፣ ኮሎኔል እርስዎ ነዎት፤ ከርነል እሱ ነው!» ብዬ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆምኩ። ባጸዳ ቁጥር ሲጨማለቅብኝ ታየኝ። «እሱ ነው ተኝቶ የማይነሳው! ገደልኩት ያልኩትም ዘግቼ አጠፋሁት ማለቴ ነው!»

ኮሎኔል ኮምፒውተሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ጌታን ካገኙ ወዲህ ስድብ ትተዋል ይባላል፤ ከንፈራቸው ላይ የቀረች አንዲት የድሮ ቃል ስትመለስ አየኋት መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አሳየኝ» አሉ።

አሳየኋቸው። ትንሹን ኮምፒውተር አስተኛሁት፣ ቀሰቀስኩት፣ አልነሳም። ክሊኒኩን ነገርኳቸው። ስለ ክሊኒኩ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ ለካ እሳቸውም ደም ግፊታቸውን የሚታዩት እዚያው ነው፤ ሲስተም የለም ተብለው ተመልሰዋል። ብርቱካን ልጠው ለእኔ ግማሽ ሰጡኝ። ከዚያ ደብዳቤዬን አነበቡ። ድሮ ሥልጠና ላይ እንግሊዝኛ ተምረዋል።

«ልጄ» አሉ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ይህ የእርዳታ ጥያቄ ነው ወይስ የሠርግ ጥሪ?»

«ትሕትና ነው።»

«ትሕትናህ ነገርህን ውጦታል። ጻፍ። ምን ሆነ። የት ሆነ። ምን ይደረግልን። አለቀ።»

እሳቸው እየተናገሩ ጻፍኩ። አጠረ፣ ጠራ፣ አማረ። መጨረሻ ላይ ግን፣ «በአስቸኳይ ተፈጽሞ ሪፖርት ይደረግልን» የሚል አስገቡ። «ኮሎኔል፣ እነዚህ ሰዎች እኮ በትርፍ ጊዜያቸው በነፃ…» ብል፣ «አስቸኳይ አይደለም?» አሉኝ። አስቸኳይ ነው። ተወው። ቀጥለው፣ «አቅራቢው ማን ነው? ስም የሌለው ሪፖርት ወሬ ነው» አሉ። እውነትም በመድረኩ ልማድ ችግሩን ያስታወቀ ሰው ስም ከሥር ይጻፋል። እኔም እንደ ካሳ ይሁንልኝ ብዬ፣ «ችግሩን ያስታወቁት፦ ኮሎኔል ወንድይፍራው» ብዬ ጻፍኩ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ላክን።

በማግስቱ ጠዋት መልስ መጣ። አንድ ፈረንጅ ነው፤ ሰላምታ የለውም። የደብዳቤው ይዘት በእኛ ቋንቋ እንዲህ ነው፦ «የትኞቹ እርማቶች? መለያ ቁጥራቸውን አልጻፋችሁም። ሪፖርት የምናደርገውስ ለማን ነው?»

አንገቴን ደፋሁ። እውነትም ከሁሉ የሚያስፈልገውን፣ የእርማቶቹን መለያ፣ ጭራሽ አልጻፍነውም! ልክ «መድኃኒቱን ስጡኝ» ብሎ የመድኃኒቱን ስም አለመናገር ነው። ኮሎኔል በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ምላሽ መጣ?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ረሳሁት ኮሎኔል፣ የእኔ ጥፋት ነው።»

«አይደለም። ያዘዝኩህ እኔ ነኝ፤ ረሳን በል።» ቀጥለውም፣ «ያቺን አስቸኳይ የምትለዋንም አውጣት» አሉ ወደ ሳራቸው እየተመለሱ።

አወጣኋት። መለያዎቹን አስገብቼ እንደገና ላክሁ። ፈረንጁም መለሰ፤ አንደኛውን እርማት ተቀብሎታል፤ ሁለተኛው ግን አሮጌው ላይ አልገጥም ብሎታል። «የሚገጥም አድርገህ፣ ፈትነህ ላክ» አለኝ። ይህ እንግዲህ ቀሚስ አጥብቡልኝ ብለህ ሄደህ፣ መርፌና ክር ሰጥተው እንደሚመልሱህ ዓይነት ነው።

ለመስፋት ተቀመጥኩ። አንዱን ሳጠብብ ሌላው ይቀደዳል። ያንን ስጥፍ ፈተናው ይወድቃል። እትዬ ዘይነባ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሲሄዱ በበሬ በኩል እያለፉ፣ «ተነሳ ወይ?» ይላሉ። «አልተነሳም እትዬ።» «አላህ ያሽረው።» ከርነል ምን እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ ገብቷቸዋልም። ግን ተኝቶ ለማይነሳ ነገር ሌላ ምን ይባላል?

ኮሎኔልም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት ፕሮግራም ላይ ጉዳዩን አቅርበውት ኖሯል። እሳቸው በትክክል ነው ያቀረቡት፤ «ለክሊኒኩ እንጸልይ» ብለው። ወሬ ግን በአንድ ወንበር ሲያልፍ አንድ ልብስ ይቀይራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬን ስከፍት፣ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሙዝና ማልት ይዘው ቆመዋል።

«ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድማችን ከርነል እዚህ ነው የተኛው?» አሉ ከፊት ያሉት እናት።

ምን ትላላችሁ? እዚህ ነው፤ ተኝቷልም። ሐሰት የለበትም። አስገባኋቸው። ክፍሌ ያለችው አልጋ ባዶ መሆኗን ሲያዩ ተያዩ። ወደ ጠረጴዛው እያመለከትኩ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁ፤ ሰርቪስ ቤቶቹን፣ መብራቱን፣ ካርድ ክፍሉን። መካከል ላይ አንዷ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎሰጎሱ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ከዚያ እኔ። ከፊት ያሉት እናት ግን ሳቃቸው ሲበርድ፣ «ለመሆኑ ክሊኒኩ ሕፃናት ያክማል?» አሉ።

«ያክማል።»

«እንግዲያስ መምጣታችን ስህተት አይደለም» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸለዩ፤ ለእኔም፣ ለፈረንጁም፣ ስሙን ለማናውቀው ለእያንዳንዱ ታማሚም። አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ፣ ኮምፒውተሩ ተኝቶ ነበር። ማንም ቅር አላለውም። ሙዙን በላን፣ ማልቱን ጠጣን፣ ተመርቄ ቀረሁ።

እነሱን ሸኝቼ ስመለስ ልቤ ቀለል ብሎት ተቀመጥኩ። ከሰው ጋር ስቆ የተነሳ ሰው ዓይኑ ይጠራል መሰለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሳላስተውለው የዋልኩትን አየሁት። ሁለተኛው እርማት ብቻውን አልነበረም የተጻፈው። ከእሱ ቀደም ብሎ አዲሱ ላይ የገባ ሌላ ትንሽ እርማት ነበር፤ አሮጌው ላይ የለም። ያለ እሱ ይህኛው መቆሚያ የለውም። ያንን ትንሹን አስቀድሜ አስገባሁ፤ ሁለተኛው እርማት ያለ መርፌ፣ ያለ ክር፣ ልክክ አለ። አስተኛሁት። ቀሰቀስኩት። ተነሳ!

«ተነሳ!» ብዬ ወጣሁ ግቢ ውስጥ።

«ተነሳ?» አሉ እትዬ ዘይነባ ከወጥ ቤት።

«ተነሳ?» አሉ ኮሎኔል ከአጥሩ ወዲያ።

የዚያን ቀን ግቢያችንን በመንገድ ላይ ሆኖ የሰማ ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ሁሉንም አደራጅቼ ላክሁ። ፈረንጁ መለሰ፤ የዚህኛው መልሱ ከሁሉም ያጠረ ነው፤ «ሰልፍ ውስጥ ገብቷል። አመሰግናለሁ።»

ይህን ሁሉ ለፍተን ሰልፍ? አዘንኩ። ኮሎኔል ግን ፈገግ አሉ። «ሰልፍማ ካስገቡን ጨረስን። ሰልፍ መጠበቅ ላይ ከእኛ የበለጠ ማን ልምድ አለው?»

ልክ ነበሩ። ተራችን ደረሰ፤ አዲሱ እድሳት ወጣ፤ ሰላማዊት ቢሮ ውስጥ ራሷ ደግማ ደጋግማ ፈተነችው። «ሂድ ጫነው» አለችኝ። ከሰላማዊት አፍ ይህ ሙገሳ ነው።

ክሊኒኩ ስሄድ ኮሎኔል አብረውኝ መጡ። ክራቫት አስረዋል። «ሥራ ሲጀመር አይቶ ሲያልቅ ሳያይ የሚቀር ሰው አይደለሁም» አሉ። ጫንኩት። ልፈትነው ብዬ ሶኬቱን ልነቅል ስዘጋጅ፣ መብራቱ ራሱ ቀደመኝ፤ ድርግም አለ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ተነፈሰ። ኮሎኔል ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ፤ ምልክቱ እስካሁን ያለ ይመስለኛል። ቆየን። ቆየን። መብራት መጣ። አምፖሉ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስክሪኗን አየች፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ቀጣይ!» አለች።

አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ተነሱና ወደ መስኮቱ ሄዱ። በቃ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ከባሕር ማዶ እስከ ቤቴል የተለፋበት ነገር መጨረሻው አንዲት ሴት ወንበር ለቃ መነሳቷ ነው።

«አያጨበጭቡም?» አሉ ኮሎኔል በጆሮዬ።

«ምኑን ብለው ኮሎኔል? ለእነሱ ምንም የሆነ ነገር የለም።»

አሰቡበት። «ደግ» አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስኮቱን ማየት ቀጠሉ። «ቀጣይ!» ትላለች ልጅቱ፤ ጥርሱን የያዘ ጎልማሳ ይነሳል። «ቀጣይ!» ትላለች፤ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ይነሳሉ። ሥራዬ ስላለቀ ዕቃዬን ሰብስቤ ቆምኩ፤ ኮሎኔልም ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሱ። በሩ ጋ ስንደርስ ግን እጄን ያዙኝ።

«ቆይ» አሉ፣ «አንድ ሰው ደግሞ እንይ።»

ተመልሰን ተቀመጥን።